የድሮፕስኪዎች ጥቁር ሾርባ

የድሮፕስኪ ቤተሰብ ዘሩን የሚቆጥረው ከኖኅ ነው። በአውራጃችን ከኖኅ የማይቆጥር ባላባት የለም፤ ድሮፕስኪዎች ግን አንድ ነገር ይጨምሩበታል። የጥፋት ውሃ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው የዘራቸው አባት ከሌላ ባላባት ጋር መርከቡ በር ላይ ተገናኝቶ፣ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በጭራሽ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ዝናቡ ጀመረና ኖኅ ሁለቱንም ከኋላ ገፍቶ አስገባቸው ይላሉ። ያን መገፋት ቤተሰቡ ዛሬም አልረሳውም። የኖኅ ስም በተነሣ ቁጥር «ደግ ሰው ነበር፣ አስተዳደግ ግን ይጎድለው ነበር» ብለው ያልፉታል።

ቤታቸው ድሮፒን በሚባለው ርስታቸው ላይ፣ ከሐይቁ ማዶ ነበር። ከፊቱ አራት ነጭ ምሰሶ ቆሞለታል፤ ከመንገድ ሲያዩት እብነ በረድ ነው፣ ቀርበው ሲያንኳኩት ጥድ። ስለዚህ ጨዋ ሰው አያንኳኳም። ጣሪያው ያፈስ ስለነበር በመጸው ዝናብ አዳራሹ ውስጥ ባልዲ ይደረደራል። አንድ ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሰዉ በባልዲዎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ሲጨፍር አይቶ፣ የአገሩ ጭፈራ እንዲህ ነው ብሎ ተምሮት ሄደ ይባላል። በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአያት ቅድመ አያቶች ሥዕል ተሰቅሏል። ከሁሉም በላይ ታላቁ ሄሮኒም አለ፤ ራሱን የተላጨ፣ ሪዙ እንደ በሬ ቀንድ የቆመ፣ ከጣሪያው በወረደ እርጥበት አፍንጫው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ የበቀለበት። ሻጋታውን የሚጠርግ አልተገኘም። የሄሮኒምን አፍንጫ በጨርቅ የሚያሽ ድሮፕስኪ ከየት ይመጣል?

ይህ ሄሮኒም ለዘሩ ሁለት ሕግ ትቶ ነው የሞተው። አንደኛው የእንግዳ ሕግ ነው። እንግዳ ግቢ ገብቶ ፈረሶቹ ሲፈቱ፣ የሠረገላው መንኮራኩሮች ወዲያው ተነቅለው ጎተራው ጣሪያ ሥር ይሰቀላሉ። እንግዳው መሄድ ሲያምረው ይለምናል፤ አባወራው እምቢ ይላል። ደግሞ ይለምናል፤ ደግሞ እምቢ ይባላል። በሦስተኛው ልመና አባወራው እንባውን ጠርጎ፣ አንድ ዋንጫ የማር ጠጅ አጠጥቶ ይሸኘዋል። ሳይለመን መንኮራኩር የመለሰ ሰው እንግዳውን አባረረ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ውርደት ድሮፒን ላይ ተደርጎ አያውቅም። በስዊድኖች ጦርነት ቤቱን ሊያቃጥል የመጣ መኮንን እንኳ የመድፎቹ መንኮራኩር ተነቅሎበት፣ መለመኑን ንቆ፣ ጦርነቱ እስኪያልቅ እዚያው ተቀምጧል። ሲሄድ ወፍሮ ነበር ይላሉ።

ሁለተኛው የማዕድ ሕግ ነው። የሄሮኒም ወንድም ለብቻው በቀረበለት ሳህን ተመርዞ ስለሞተ፣ በድሮፕስኪዎች ገበታ ሾርባ ከአንድ ድስት ብቻ ይቀዳል። አባወራው የሚበላውን እንግዳውም ይበላል፤ እንግዳው የሚበላውን አባወራውም ይበላል።

ሁለቱ ሕጎች እርስ በርሳቸው ተጣልተው አያውቁም ነበር፤ ካዬታን ቭሮና የጌታ ቦኒፋቲን ልጅ ሊጠይቅ እስኪመጣ ድረስ።

ጌታ ቦኒፋቲ የዚያ ዘመን አባወራ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቶሎ የሚከፉ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ወጥ ቤቱ በታላቅ እህታቸው በእመቤት ፔትሮኔላ እጅ ገብቷል። ቤቱን ቦኒፋቲ ይገዛሉ፣ ቦኒፋቲን ጨጓራቸው ይገዛቸዋል፣ ጨጓራቸውን ደግሞ ፔትሮኔላ። ከዚህ ሁሉ አገዛዝ ውጭ የነበረች አንዲት ሰው ሳሎሜያ ናት፣ የጌታ ቦኒፋቲ አንድዬ ልጅ። አፏ ስለት ነው፤ ስትስቅ ከጎተራው ይሰማል።

ሳሎሜያ ልቧን ለካዬታን ከሰጠች ቆይታለች። የተዋወቁት በቤተ ክርስቲያኑ ንግሥ በዓል ጭፈራ ላይ ነው። አባቷ ግን የቆረጡላት የወሰን ዳኛውን ሂላሪን ነበር። ዳኛው ሚስት የሞተችባቸው፣ ሪዛቸውን በዋልነት ፍሬ ልጣጭ የሚያጠቁሩ፣ የጎረቤትን አጥር በተመለከቱ ቁጥር የሚያዝኑ ትልቅ ሰው ናቸው። በቅድስት ካታርዚና ዕለት መጥተው ልጅቷን እንዲጠይቁ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ከካታርዚና በኋላ የገና ጾም ይገባል፤ ጾም ከገባ ጭፈራም ማጨትም የለም። እንግዲህ ሳሎሜያ እስከዚያች ቀን ካዬታንን ካላገኘች የዳኛው ሚስት ሆና የጎረቤት አጥር ስትቆጥር መኖሯ ነው።

ቭሮናዎችም ባላባት ናቸው፤ ይህን ጌታ ቦኒፋቲም አይክዱም። ግን በቭሮናዎች መንደር ባላባት ያልሆነ ሰው ስለሌለ፣ የሚያርስላቸው አጥተው ራሳቸው ያርሳሉ። ባላባትነታቸው እንዳይረሳ ሰይፍ ታጥቀው ነው የሚያርሱት። ሰይፉ ከሌለ የእንጨት ሰይፍ ይታጠቃሉ። ሠረገላ የሚጎትተው ፈረስ ማረሻም ይጎትታል። «ፈረሱ ራሱ ዛሬ ባላባት ይሁን ገበሬ አያውቅም» ይሉ ነበር ጌታ ቦኒፋቲ።

እኛ ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ ለመጣ ሰው እምቢ አይባልም። እምቢ ማለት የባለጌ ነው። ማዕድ ይቀርብና ከዳክዬ ደም የተሠራ፣ ኮምጣጤና የደረቀ ፍሬ የገባበት ጥቁር ሾርባ ከፊቱ ይቀመጣል። ሰውየው ይቀምሳል፣ ያመሰግናል፣ ወጥቶ ይሄዳል። ስለ ሾርባው አንድ ቃል የሚተነፍስ የለም። ሌላ ዓይነት ሾርባ ከቀረበለት ግን እሺ ተብሏል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እጅ ይሳማል፣ ጠጅ ይቀዳል።

ካዬታን የመጣው በጭቃው ወራት፣ በረዶ ሊጥል ጥቂት ሲቀረው ነው። አማላጅ ሽማግሌ አድርጎ አጎቱን ኦኑፍሪን ይዟል። ኦኑፍሪ ሰፊ ሰው ነበሩ፤ ከሠረገላው ሲወርዱ ሠረገላው እፎይ ብሎ ከፍ አለ። በረንዳው ላይ ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳሙ ጤና ሲጠያየቁ፣ መጋቢው ማቴውሽ እንደ ልማዱ መንኮራኩሮቹን ነቅሎ ወደ ጎተራው እያንከባለለ ሄደ። ማንም አላዘዘውም። ማቴውሽ ለዚህ ትእዛዝ ጠብቆ አያውቅም።

ገበታ ቀረበ። ኦኑፍሪ ተነሥተው፣ መንገደኞች መሆናቸውን፣ በዚህ ቤት አትክልት ውስጥ አንዲት ጽጌረዳ አለች ሲባል መስማታቸውን፣ የእነሱ አትክልት ደግሞ ጽጌረዳ እንደሌለው ረዘም አድርገው ተናገሩ። ጌታ ቦኒፋቲ በጨዋነት አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ የሾርባው ድስት መጣ፤ ክዳኑ ተነሣ። ሾርባው እንደ ጫማ ቀለም ጥቁር ነበር።

ሳሎሜያ ሳህኗን ሳይሆን አባቷን አየች። ካዬታን አንድ ማንኪያ ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ። አመሰገነ። ለጌታ ቦኒፋቲ እጅ ነሣ፣ የእመቤት ፔትሮኔላን እጅ ሳመ፣ ለሳሎሜያ ጎንበስ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። እንዲህ ያለ አወጣጥ ያየ ሰው ቭሮናዎችን ገበሬ ሊል አይችልም። ኦኑፍሪ ግን አልተነሡም።

«ቆይ እንጂ ልጄ» አሉት። «እምቢታም ቢሆን ሲሞቅ ነው የሚበላ።»

ካዬታን ግቢው ውስጥ ሲደርስ ሠረገላቸው እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ጭቃው ላይ ተቀምጧል። ማቴውሽ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። ካዬታን ሠረገላውን አየ፣ ማቴውሽን አየ፣ ጎተራውን አየ። ፈረስ ለብቻው ጭኖ መሄድ እንዳይል ኮርቻ አልያዘም፤ በዚያም ላይ ኦኑፍሪን የሚሸከም ፈረስ በአውራጃው ገና አልተወለደም። በእግር የሚሄድ ባላባት ደግሞ ማን አይቷል? የቀረው ተመልሶ መለመን ነበር። ጌታ ቦኒፋቲ ይህን በመስኮት ሲያዩ የስንብቱን ጠጅ አስቀድተው፣ ሁለት ጊዜ እምቢ ለማለት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ካዬታን ገባ፣ እጅ ነሣ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ ማንኪያውን አነሣ።

ቭሮናዎች ብዙ ነገር የላቸውም። ያላቸው አንድ ነገር እምቢ ያላቸውን ሰው አለመለመናቸው ነው፤ እሱን አሳልፈው አይሰጡም።

ከምሳ በኋላ እመቤት ፔትሮኔላ ወንድማቸውን ጠርተው ለእራት ምን ዓይነት ሾርባ እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው። ጌታ ቦኒፋቲ የተለመደው የአጃ ሾርባ ይሁን አሉ። እመቤት ፔትሮኔላ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ አደረጉ።

«እምቢታው ተነሣ ማለት ነዋ?»

«የምን መነሣት?»

«ልጅ ጠያቂው ማዕድ ላይ ነው። ጥቁሩን ትተህ ሌላ ሾርባ ያቀረብክለት እንደሆን እሺ አልከው። ነገ ጠዋት እጅህን ስሞ አባባ ይልሃል።»

ጌታ ቦኒፋቲ ለካዬታን ብቻ ጥቁር፣ ለቀረው ሰው አጃ እንዲቀዳ ሐሳብ አቀረቡ። እመቤት ፔትሮኔላ በጣታቸው ወደ ሄሮኒም አፍንጫ ጠቆሙ። አንድ ድስት።

ስለዚህ ለእራትም ጥቁር ሾርባ ሆነ። በማግስቱም እንዲሁ። በማግስቱም ማግስት እንዲሁ። ጌታ ቦኒፋቲ ኮምጣጤ የማይስማማው ጨጓራቸውን በእጃቸው ደግፈው ይበላሉ፤ አባወራ ሳይበላ እንግዳ አይበላምና። ካዬታን ሳይከፋው ሳይደሰት ይበላል። ሳሎሜያ እየዘፈነች ትበላለች። ኦኑፍሪ ይጨመርልኝ ይላሉ። ከእናታቸው ቤት ወዲህ እንዲህ ያለ ሾርባ አልበላሁም፤ ኮምጣጤው ልክ ነው፣ የደረቀው ፍሬም ልክ ነው ብለው እመቤት ፔትሮኔላን ሲያመሰግኑ ጌታ ቦኒፋቲ መስኮት መስኮቱን ያያሉ።

ነገሩን በጨዋ ደንብ ለመጨረስ ጌታ ቦኒፋቲ ብዙ ሞክረዋል። አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ካዬታንን አገኙትና ሰማይ ሰማዩን እያዩ ጀመሩ።

«ጌታ ወንድሜ ካዬታን፣ ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል። ለመንገደኛ የሚመች ቀን ነው።»

«እውነትዎን ነው ጌታዬ። መንገደኞቹ ደስ ይላቸዋል።»

«እናትህስ? አትናፍቅህም?»

«ትናፍቀኛለች። ግን ሰው ቤት ገብተህ ለመሄድ አትቸኩል ብላ ነው ያሳደገችኝ።»

ጌታ ቦኒፋቲ እንዲህ ያለች እናት የወለደችውን ልጅ ምን ይበሉት? «ደህና አድርጋ አሳድጋሃለች» ብለው ገቡ።

ከሁሉ የከፋው የባልዲዎቹ ነገር ነው። ዝናቡ ሌት ተቀን አልቆም ሲል፣ ባልዲ በሞላ ቁጥር ሳሎሜያ አንዱን ጆሮ ካዬታን ሌላውን ጆሮ ይዘው ያወጣሉ። ባልዲው ውጭ ሲደፋ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ጌታ ቦኒፋቲ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ያያሉ፣ ይቃጠላሉ፣ ግን ቃል መናገር አይችሉም። ለክብር ሲባል የድሮፕስኪዎች ጣሪያ አያፈስም። ጣሪያው ካላፈሰ ባልዲ የለም፤ ባልዲ ከሌለ ደግሞ ማን ከማን ጋር ምን ያወጣል?

አርብ ሲደርስ አዲስ ችግር መጣ። አርብ ጾም ነው፤ ደም ያለበት ሾርባ አይበላም። ጌታ ቦኒፋቲ ለምክር አባ ኢዚዶርን አስጠሩ። የደብሩ ቄስ ናቸው፣ ድሮፒን መጠራት ይወዳሉ። ጌታ ቦኒፋቲ ጥያቄያቸውን በዘወርዋራ አቀረቡ፦ አንድ ሰው ለሌላ ሰው አንድ ነገር በሾርባ እየነገረው ሳለ፣ አርብ ቢደርስና የዓሣ ሾርባ ቢቀርብ፣ ያ የተነገረው ነገር ይፈርሳል ወይ?

ኦኑፍሪ ከቄሱ ቀድመው ገቡበት። በእሳቸው ደብር ዳክዬ ውሃ ላይ ስለምትኖር ከዓሣ ትቆጠራለች፣ ስለዚህ ጥቁሩ ሾርባ ቢቀጥል ነውር የለውም አሉ። አባ ኢዚዶር ዳክዬ የሚዋኝ ሥጋ እንጂ ዓሣ አይደለም ብለው ይህን ዘጉት። ዋናውን ጥያቄ ግን ዓሣው ሳይቀርብ ሊፈርዱ አልፈለጉም። የዓሣው ሾርባ ቀረበ። በሉ፣ አሰቡ፣ ደግመው በሉ።

«አርብ ዕለት ሾርባ አፍ የለውም» ብለው ፈረዱ። «እሺም አይልም፣ እምቢም አይልም። ቅዳሜ ካቆመበት ይቀጥላል።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ጌታ ቦኒፋቲ አርብን እንደ ፋሲካ ይናፍቁ ጀመር። በሳምንት አንዲት ቀን ጨጓራቸው ከድሮፕስኪ ክብር ያርፋል። በተረፉት ቀናት ፊታቸው እየገረጣ፣ ቀበቷቸው እየተሳበ ሄደ። ለራሳቸው በድብቅ ቂጣ እንዲያመጣላቸው ማቴውሽን ጠይቀውት ነበር ይባላል፤ ማቴውሽ ግን ቂጣውን በትልቁ ሰሃን፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ለእንግዳው ጭምር ይዞት መጣ። ሕግ የሚያከብር ሰው ነው።

አንድ ቀን ሳሎሜያ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ለውዝ ስትፈለፍል፣ እመቤት ፔትሮኔላ ጀርባቸውን እንደሰጧት ጠየቋት።

«መንኮራኩር ባለው ሠረገላ ና ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ያልኩት በረዶ ሳይጥል ና ነው፣ አክስቴ። የቀረውን ራሱ አሰበው።»

እመቤት ፔትሮኔላ ድስቱን አማሰሉ። ከዚያ በልጅነታቸው እሳቸውንም የጠየቀ ሰው እንደነበረ ነገሯት። ሳሎሜያ ይህን ሰምታ አታውቅም። ሰውየው የመጣው በጥር፣ ሜዳው ሁሉ ነጭ በሆነበት ወቅት፣ በበረዶ መንሸራተቻ ጋሪ ነበር።

«መንሸራተቻ ላይ የሚነቀል ነገር የለም» አሉ። «ቀመሰ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። እስኪታጠፍ ድረስ ቃጭሉ ይሰማ ነበር። ሾርባውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ ናቸው ያዘዙኝ። ኮምጣጤ አብዝቼበት ነበር።»

ሳሎሜያ የፈለፈለችውን ለውዝ አፏ ውስጥ ጨመረች።

«ለውዙን አትብዪ፣ ፈልፍዪ» አሏት አክስቷ።

የቅድስት ካታርዚና ዕለት በደረሰ ጊዜ የድሮፒን ጓሮ ጸጥ ብሎ ነበር። ዳክዬ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ጌታ ቦኒፋቲ ግን የሚያስቡት ስለ ዳክዬ አልነበረም፤ ዳኛው ሊመጡ ነው። ለዳኛው የሚገባው የወርቅ ቀለም ያለው የዶሮ ሾርባ ነው። ያን ካቀረቡ ግን ካዬታንም ይበላዋል፤ እሺ ተባለ ማለት ነው። ጥቁሩን ካቀረቡ ዳኛው ይበሉታል፤ ዳኛው እምቢ ተባሉ ማለት ነው። ካዬታንን በሌላ ክፍል እንዳያበሉት፣ ባላባት በጓሮው ከአገረ ገዢ እኩል ነው የሚባልበት አገር ነው የምንኖረው። ጌታ ቦኒፋቲ ጠዋቱን ሁሉ በሄሮኒም ሥዕል ፊት ሲመላለሱ ዋሉ። በመጨረሻ ጥቁሩ ይቅረብ፣ እኔ ዳኛውን በር ላይ አስረዳቸዋለሁ አሉ። ከዚያ ዘመን በፊት ስለዚያ ሾርባ በአፉ ያስረዳ ባላባት አልነበረም፤ ለምን እንዳልነበረ ጌታ ቦኒፋቲ ብዙም ሳይቆዩ ገባቸው።

ዳኛው በፈረስ ነው የመጡት። የካዬታን ወሬ በአውራጃው ስለተሰማ፣ ብልህ ሰው በመንኮራኩር ድሮፒን አይሄድም ነበር። አዲስ ቦት ጫማ አድርገዋል፤ ሪዛቸው ከሌሊት ይጠቁራል። ጌታ ቦኒፋቲ ራሳቸው ወጥተው እርካቡን ያዙላቸው። የቤቱ ሰው ሁሉ መስኮት ላይ ነው።

«ክቡር ዳኛ፣ ወደ ማዕድ ከመግባታችን በፊት አንዲት ነገር… ዛሬ የሚቀርበው ሾርባ መልኩ ትንሽ ጠቆር ይላል።»

ዳኛው ከእርካቡ ሊያወጡት የነበረውን እግር መልሰው አስገቡት።

«ምን ያህል ጠቆር?»

«እርስዎን አይመለከትም። የሌላ ሰው ነው። እርስዎ ዝም ብለው ይበሉታል እንጂ…»

«እንዴት ነው ነገሩ? እኔ ሂላሪ፣ የሌላ ሰው እምቢታ ልበላ ነው የመጣሁት?»

«ሁላችንም እሱኑ ነው የምንበላው» አሉ ጌታ ቦኒፋቲ፤ ከሆዳቸው ነበር የተናገሩት።

ዳኛው ቤቱን አዩ፣ ምሰሶዎቹን አዩ፣ በመስኮቱ ላይ ማንኪያ ይዘው የሚጠብቁትን ኦኑፍሪን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው ቅርባቸው ያለውን ምሰሶ በጅራፋቸው እጀታ አንኳኩ። እንጨት ነው። አንኳኩ ማለት ከጨዋነት ወጡ ማለት ነው።

«ጌታ ወንድሜ፣ እኔ የወሰን ዳኛ ነኝ» አሉ። «ድንበሬን አውቃለሁ።» ፈረሳቸውን አዙረው ሄዱ፤ ከጭቃው የተወሰነው በጌታ ቦኒፋቲ የበዓል ካባ ላይ ቀረ።

ጌታ ቦኒፋቲ ገብተው ገበታው ራስ ላይ ተቀመጡ። ሁሉም ተቀመጠ። ክዳኑ ተነሣ፣ ተቀዳ። ኦኑፍሪ ብቻ መብላት ጀመሩ። ጌታ ቦኒፋቲ ማንኪያቸውን አንሥተው ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ ሽታው ሲደርሳቸው መልሰው አስቀመጡት።

ሳሎሜያ ናት መጀመሪያ የተናገረችው። አልጮኸችም።

«አባባ፣ ዳኛው ሾርባውን ገና በወሬ ሲሰሙት ሸሹ። ይሄኛው በየቀኑ በላው፤ ፊቱን እንኳ አላጨማደደም። እኔ ያለዚህ ሰው ወደየትም አልሄድም። እሱ የሚበላውን እኔም እድሜዬን ሙሉ እበላለሁ።»

ጌታ ቦኒፋቲ ልጃቸውን አዩና ከዚያ ካዬታን ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። የተናገሩት በቁጣ ሳይሆን በድካም ነው።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ቃል ብትለምነኝ ምን ነበረበት? ቭሮና አይለምንም ማለት ነው?»

ካዬታን ከመቀመጫው ተነሣ። ፊቱ እንደ ገበታ ጨርቅ ነጣ፤ ሾርባው ያላደረገውን ይህ አደረገው።

«እለምንዎታለሁ ጌታዬ» አለ። «ግን መንኮራኩሩን አይደለም።»

ኦኑፍሪ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ጌታ ቦኒፋቲ ሳህናቸውን ወደ ፊት ገፋ አደረጉ። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ መልስ በአፍ አይሰጥም። ወደ እህታቸው ዞሩ።

«ፔትሮኔላ፣ ለእራት ምን አስበሻል?»

«ምን አስባለሁ» አሉ እመቤት ፔትሮኔላ። «ዳክዬ አልቋል፣ ወንድሜ። አንዲት አልቀረችም።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከመስኮቱ ሥር ዳክዬ ጮኸች። አንድ ጊዜ ጮኻ ብትተው ደግ ነበር፤ ደጋግማ ጮኸች። ሌላም መለሰላት። እመቤት ፔትሮኔላ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ማቴውሽ በሩ ላይ ቆሞ ሳል ጀመረው። ኦኑፍሪ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሳሎሜያ ከገበታው ሥር ረገጠቻቸው።

ጌታ ቦኒፋቲ ወደ መስኮቱ አልዞሩም። ዳክዬዎቹ እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቁ፤ አልጨርስ ሲሉ ከነሱ በላይ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እንግዲያ የቀይ ሥር ሾርባ ይሁና» አሉ። «ከሌለ ከየት ይመጣል።»

ካዬታን ገበታውን ዞሮ መጥቶ እጃቸውን ሳመ፤ ጌታ ቦኒፋቲም በሌላው እጃቸው ቀበቷቸውን አንድ ቀዳዳ ለቀቅ አደረጉ። ኦኑፍሪ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ሁሉ ወደ ሳህናቸው ገለበጡ። የሳሎሜያ ወንበር ግን ባዶ ነበር። ከወጥ ቤት የቢላዋ ድምፅ ይሰማል፤ ልጅቷ እጇ እስከ ክርኗ ቀልቶ ቀይ ሥር ትልጣለች።